እትዬ ጎሚስታን ይጠይቁ፦ ከአራቱ ጎማ አንዱ ለምን ጋለ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሙቀት ናቸው። ድሬ ላይ ሌላ ምን ይጠየቃል? የመጀመሪያው ደብዳቤ ጥሩ አድርጎ ስለተጻፈ መልሴም ረዝሟል። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንሄድባቸዋለን።

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመለስ ካምፐር ይዞ መጣ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና የውሃ ታንከር ያለው ተጎታች ቤት ነው። ሁለት አክስል፣ አራት ጎማ አለው። በላንድክሩዘር እንጎትተዋለን። ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ ገብርኤልን ተሳልመን ወደ አዋሽ ፓርክ ወረድን። ከሰዓት በኋላ ሚኤሶ ስንቆም ወንድሜ ያቺን እንደ ሽጉጥ የምትያዝ የሙቀት መለኪያ አውጥቶ እየዞረ ለካ። ሦስቱ ጎማዎች 52፣ 54 እና 55 ዲግሪ አሉ። የኋላው ቀኝ 71 አለ። የጎማዎቹ መሐል ብረት ግን የአራቱም ከ45 እስከ 48 ነው። እሱ «90 እስካልደረሰ ችግር የለም» አለ። እኔ በእጄ ነክቼ «ይሄ ጎማ አሞታል» አልኩ። ማን ነው ልክ? ከመነሳታችን በፊት ጎማዎቹን በእግራችን መትተን አይተናል፣ ደህና ነበሩ።

(ከከዚራ)

መልስ

አቦ፣ አንተ ነህ ልክ። ወንድምህም ቢሆን ከሜዳ ተነስቶ አላወራም። የጎማ ሙቀት 90ዎቹ ውስጥ ሲገባ መቆም ነው። 120 አካባቢ ሲደርስ ደግሞ የጎማው ንብርብሮች የተጣበቁበት ኃይል እየደከመ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አስፋልት ላይ የምታየው የተቦጨቀ ላስቲክ ነው። ስለዚህ 71 ብቻውን ሲታይ ሞት አይደለም።

ግን መለኪያ ይዘህ ስትዞር የምትፈልገው ከጓደኞቹ የተለየውን ጎማ ነው። አራቱ ጎማዎች በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቀን መጥተዋል። አራቱም 66 ቢሉ ኖሮ «ቀኑ ሞቃት ነው፣ ፍጥነት ቀንሱ» ብዬ አልፈው ነበር። ሦስቱ 50ዎቹ ውስጥ ተቀምጠው አንዱ ለብቻው 71 ሲል ግን ያ ጎማ የሚነግርህ ነገር አለ።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ አይደለች? ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ማን ከተማ ይቆረቁራት ነበር። ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም የእሱ ሥራ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ ኩሽኔታው፣ ማለት አክስሉን ሳያፋትግ የሚያዞረው ዕቃ፣ ያለበትን የአክስሉን ጫፍ ሳጥን በእጁ ጀርባ መንካት ነበር። ቴርሞሜትር የሚባል ነገር አልያዘም። አንዱን ይነካል፣ ቀጥሎ ያለውን ይነካል፣ እያለ እስከ ጭራው ይሄዳል። «ሙቁን ሳይሆን የተለየውን ነው የምፈልገው» ይል ነበር። ነሐሴም ሆነ ጥር ለእሱ ልዩነት አልነበረውም። ሁሉም ሳጥን ከሞቀ ቀኑ ሞቋል፣ አንዱ ከሞቀ ኩሽኔታው ሞቷል።

አሁን ወደ ሚኤሶ እንመለስ። ወንድምህ «ፀሐይ ነው» ሊልህ ይችላል። አይደለም። ከቁልቢ ወደ ሚኤሶ ስትሄዱ በጥቅሉ ፊታችሁ ወደ ምዕራብ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ስትሄዱ የተመታው ግራው ጎን ነው። የጋለው ግን ቀኙ ነው፣ ያውም ከሁለቱ ቀኞች አንዱ ብቻ።

ከደብዳቤህ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ አንተ በአንድ መስመር ያለፍካት ነች። የመሐል ብረቱ የአራቱም እኩል ነው ብለሃል። ይህቺ አንዲት መረጃ ግማሹን ሥራ ጨረሰችልን። የጎማ ሙቀት የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከመሐል ነው፦ ኩሽኔታው ግሪስ አጥቶ ወይም ከልክ በላይ ጠብቆ፣ ወይም የፍሬኑ ሸራ ታምቡሩን (ሸራው የሚጫነውን የብረት ከበሮ) አልለቅ ብሎ። ያኔ መጀመሪያ የሚግለው የመሐል ብረቱ ነው። ከዚያ ቸርኬው ይግላል፣ ጎማው የሚከተለው በመጨረሻ ነው። ሁለተኛው ከጎማው ከራሱ ነው። ላስቲኩ በዞረ ቁጥር መሬት ላይ ይጨፈለቃል፣ ተመልሶ ይነሳል። በዚህ መታጠፍና መዘርጋት ሙቀት ይፈጥራል። ብዙ በታጠፈ ቁጥር ብዙ ይሞቃል። የእናንተ መሐሉ ቀዝቅዞ ላስቲኩ ስለጋለ ኩሽኔታውንና ፍሬኑን ለጊዜው ተዉአቸው።

ላስቲክ ለብቻው የሚግለው በአመዛኙ ነፋስ ሲያንሰው ነው። ወይም ጭነት ሲበዛበት፣ ወይም ሁለቱም ተደርበው ሲመጡ።

ስለ ነፋሱ፦ በእግር መምታት የሚባለውን ነገር እርሱት። የካምፐር ጎማ ጎኑ ጠንካራ ነው። 50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) መያዝ ያለበት ጎማ 38 ሲይዝም በእርግጫ ያው «ድም» ነው የሚለው። በዓይንም አይለይም። በተለይ ሁለት አክስል ሲሆን ጎረቤቱ ጎማ ጭነቱን ስለሚያግዘው የደከመው ሙሉ መስሎ ይታያል። የነፋስ መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ፀሐይ ሳይመታው ለኩ። የሞቀ ጎማ ላይ የሚነበበው ልክ ለሌላ ነገር ነው፣ ከታች ሌላ ጠያቂ ስላነሳው እዚያ እመጣበታለሁ።

ስለ ጭነቱ፦ ፍሪጁና የውሃ ታንከሩ በየትኛው ጎን ናቸው? አብዛኛውን ጊዜ ምድጃውም ፍሪጁም ቁም ሣጥኑም በአንድ ግድግዳ ይደረደራሉ። 100 ሊትር ውሃ 1 ኩንታል ነው፣ ይህን ሰው ይረሳዋል። መንገዳችንም ውሃ እንዲወርድበት ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። በቀኝ ስለምንነዳ ቀኙ ጎማ ሁልጊዜ ትንሽ ይበልጥ ይሸከማል። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ፈልጉ። 100 ካለ አንዱ ጎማ የሚሸከመው እስከ 800 ኪሎ ነው። 104 ካለ 900፣ 108 ካለ 1,000 ኪሎ። ይህ ግን ጎማው በቂ ነፋስ ሲኖረው ነው። ነፋሱ ሲያንስ አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ካምፐሩን ለመንገድ እንደተዘጋጀ፣ ውሃውም ዕቃውም ሳይወርድ፣ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አውጡት። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ የቀኙን ጎማዎች ብቻ። ሚዛን የሚሠራውን ልጅ ትንሽ ብትለምኑት እሺ ይላችኋል።

ለምን የኋላው ቀኝ ሆነ፣ የፊተኛው ለምን አልሆነም? እዚህ ላይ የማስበው ጋንቾውን፣ ካምፐሩ የሚያያዝበትን መንጠቆ ነው። የላንድክሩዘሩ ጋንቾ ለካምፐሩ ከፍ ካለበት የካምፐሩ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። ያኔ የፊተኛው አክስል ይቀልለዋል፣ የኋለኛው ይከብደዋል። ሜዳ ላይ አቁሙትና ወደ ጎን ራቅ ብላችሁ እዩ። የካምፐሩ ወለል ከመሬቱ ጋር እኩል መሄድ አለበት። አፍንጫው ከተነሳ ጋንቾውን ዝቅ ማድረግ ነው።

ነፋሱም ጭነቱም ደህና ከሆነ የቀረው ጎማው ራሱ ነው። በክሪክ አንሡትና በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የተነፋ እብጠት፣ በአንድ በኩል የተላጠ ጥርስ፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅጥቅ ካያችሁ አትከራከሩ፣ ቀይሩት። መዳፋችሁንም ጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፉ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ያ የተጣመመ አክስል ወይም የላላ ባሌስትራ ምልክት ነው። እሱ የእኔ ሳይሆን የጋራዥ ሥራ ነው።

አሁን ስለ አለካኩ። ወንድምህ ሽጉጧን እንዴት እንደተኮሰ አላየሁም፣ ግን ብዙ ሰው ርቆ ቆሞ ነው የሚተኩሰው። ቀይዋ ነጥብ ማነጣጠሪያ ብቻ ነች። መለኪያው የሚያነበው ከእሷ የሰፋ ክብ ነው። ብዙዎቹ 12 ለ 1 የሚባሉ ናቸው፦ ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያነባሉ። ከሁለት ሜትር ተኩሰህ ጎማውንም ቸርኬውንም ጭቃ መከላከያውንም አንድ ላይ አማካይ አውጥተህ ታነባለህ። ጠጋ በል። በሁሉም ጎማ ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ምረጥ። እኔ ጥርሱና ጎኑ የሚገናኙበትን ትከሻ ነው የምመርጠው፣ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚግለው እሱ ነው።

የሚያብረቀርቅ ብረት ደግሞ ይዋሻል። መለኪያዋ የምታነበው ከዕቃው የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው። ጥቁር ላስቲክ ጨረሩን በደንብ ስለሚለቅ ልክ ታነበዋለች። የተወለወለ አሉሚኒየም ወይም ኒኬል የተቀባ ክዳን ግን ጨረሩን ይዞ ያስቀራል፣ የሌላውንም ያንጸባርቃል። እጅህን የሚያቃጥል ብረት 35 ዲግሪ ብሎ ሊያሳይህ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየጎማው መሐል ብረት ላይ እኩል ቦታ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ጠብ አድርግበት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እሷን ተኩስ።

ጊዜውም ለውጥ አለው። ስትቆሙ ፍሬን አትደቁሱ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንስታችሁ ቀስ ብሎ ይቁም። ወዲያው ዙሩ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ጎማ ጀምራችሁ በአንድ አቅጣጫ። ወሬና ሻይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ላስቲኩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የመሐል ብረቱ ግን ከፍሬን በኋላ ከሆነ ከቆማችሁም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፣ የታምቡሩ ሙቀት ወደ እሱ ስለሚሄድ። አንዱን ጎማ ወዲያው፣ ሌላውን ከሻይ በኋላ ለክቶ ማነጻጸር ዋጋ የለውም።

ድሬ ላይ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ነፃ መመርመሪያ አለን፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት። ወደ ላይ ስትወጡ ፍሬን እምብዛም አትነኩም። ስለዚህ ደንገጎ አናት ላይ ቆማችሁ አንዱ የመሐል ብረት ከሌሎቹ 15 ወይም 20 ዲግሪ በልጦ ካገኛችሁት ኩሽኔታውን ወይም ሳይነካ የሚይዝ ፍሬንን ጠርጥሩ። ወደ ታች ወርዳችሁ ድሬ መግቢያ ላይ ስትለኩ ግን ሁሉም ይግላል፣ ፍሬን ሠርቷላ። እዚያ የሚታየው የግራና የቀኝ ልዩነት ነው። ከሁሉም በጣም የቀዘቀዘ ካለ እሱም በሽተኛ ነው። ፍሬኑ አልሠራም፣ ሌሎቹ የእሱን ድርሻ ተሸክመው ነው የወረዱት። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። ሁሉም የጋለ ነው የሚፈልገው።

የእጅህንም ነገር አትናቀው። የሰው እጅ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ላይ ብዙ መቆየት አይችልም። የእጅህን ጀርባ አስጠግተህ መጀመሪያ ወላፈኑን ስማ፣ ካልፈጀህ ንካ። መለኪያዋ ባትሪ ትጨርሳለች፣ እጅህ አይጨርስም።

ጥያቄ

በኮሮና ጊዜ የገዛነው ግንባር ላይ የሚደገነው ቴርሞሜትር ቤት ተቀምጧል። ለጎማ አይሆንም? አዲስ መግዛት ለምን ያስፈልጋል? (ከሳቢያን)

መልስ

አይሆንም የኔ እህት። እሱ የተሠራው ለሰው ነው። ከ42 ወይም 43 ዲግሪ ሲያልፍ ስህተት ብሎ ይዘጋብሻል። የሳቢያን አስፋልት ላይ እንኳ እኩለ ቀን ብትደግኚው አይመልስልሽም። ለልጆቹ አስቀምጪው። የምትፈልጊው ለኤሌክትሪክና ለጋራዥ ሥራ የሚሸጠውን፣ ቢያንስ እስከ 300 ዲግሪ የሚያነበውን ነው።

ጥያቄ

እትዬ፣ እኔ የሲኖትራክ ረዳት ነኝ። ከነተሳቢው ጭነን ደንገጎን ስንወርድ አንዳንዴ የተሳቢው ጎማ ይጨሳል። ሹፌራችን ታች ስንደርስ «ውሃ ድፋበት» ይለኛል። እደፋለሁ፣ ሽሽ ይላል፣ እንሄዳለን። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሹፌር አይቶኝ ጮኸብኝ። ምን አጠፋሁ? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ

ልጄ፣ ሽማግሌው ለአንተ ብሎ ነው የጮኸው።

ታምቡሩ ከብረት ቀልጦ የተሠራ ነው። ከቁልቁለት ሲወርድ ብዙ መቶ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስትደፋ ውጩ በአንድ ጊዜ ይሰበሰባል፣ ውስጡ እንደተለጠጠ ነው። ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነች፣ አትታይም። የሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ነው የምትከፈተው። «ሽሽ» ያለው የምታድነው ፍሬን ሳይሆን የምትሰብረው ፍሬን ነው።

ከሱ የሚብሰው ግን አንተ የቆምክበት ቦታ ነው። ውሃ የሚደፋ ሰው የሚቆመው ከጎማው ጎን ፊት ለፊት፣ ቸርኬው አጠገብ ነው። በፍሬን የጋለ የጭነት ጎማ ውስጡ ላስቲኩ እየተቃጠለ ጋዝ ሊፈጥር ይችላል። ያ ጎማ ሲፈነዳ የሚወጣው ኃይል ሰው ይገድላል። መኪናው ከቆመ በኋላም፣ ከሰዓታት በኋላም ሊፈነዳ ይችላል። የላስቲክ ጭስ እየሸተተህ ከሆነ ወደ ጎኑ አትጠጋ። መጠጋት የግድ ከሆነ ከፊት ወይም ከኋላ፣ በጥርሱ በኩል አድርገው። እሳት ከታየ ደግሞ ተሳቢውን መፍታት የሚቻለው ገና ሲጀምር ብቻ ነው። ካለፈ ሰዉን አርቅ። የሰው ዕቃ ነው ብለህ ሕይወትህን አትስጥ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክፍት ሜዳ ላይ ቁሙ፣ ነፋስ ይምታው፣ ይቀዝቅዝ። የእጅ ፍሬን አትያዙ። የጋለ ታምቡር በሸራ ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ ቅርፁን ያጣል። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ስትሄዱ ደግሞ ድንጋዩን አንሡት! አስፋልት ላይ ጥላችሁት የምትሄዱት ድንጋይ ማታ በባጃጅ የሚመጣውን ሰው ስንቴ ገለበጠው።

ዋናው መድኃኒት ግን ከላይ ነው ያለው፣ ደንገጎ አናት ላይ። ለሹፌሩ «ማርሽ ቀንስ» ማለት ለረዳት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹ ካልወረደ መሐል ላይ አይወርድም። የሞተር ፍሬኑንም ይጠቀምበት። ፍሬን የሚነካው መኪናው ሲፈጥን ጠበቅ አድርጎ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ነው። ሸራውን ቀኑን ሙሉ በስሱ እያስነካ የሚወርድ ሹፌር ነው ጎማ የሚያጨስ። እና ሁልጊዜ የሚጨሰው ያው አንድ ጎማ ከሆነ ቁልቁለቱን አትውቀስ። የዚያ ጎማ ፍሬን ማስተካከያው ጠብቋል፣ ወይም የነፋስ መስመሩ ያፈስና ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጋራዥ ይታይ።

ጥያቄ

ሐረር ጠዋት ጎማ አስነፋሁ፣ 35 አሉኝ። ድሬ ወርጄ እኩለ ቀን ላይ ሳስለካ 40 ሆነ። ልጁ «በዝቷል» ብሎ አስተነፈሰልኝ። ማታ ሐረር ስመለስ ጎማው ለስልሶ ጠበቀኝ። ማን ነው ያጭበረበረኝ? (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ

ማንም አላጭበረበረዎትም ጋሼ። ያጭበረበረዎት የአየሩ ጠባይ ነው።

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ሐረር በጠዋት ብርድ 15 ዲግሪ ሆኖ የተነፋ ጎማ ድሬ 35 ዲግሪ ላይ ቆሞ ቢለካ በሙቀቱ ምክንያት ከ3 ፒኤስአይ በላይ ይጨምራል። ከፍታው ዝቅ በማለቱ ደግሞ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ያነሰ ያነባል። በጥቅሉ 37 አካባቢ ይሆናል። የቀረው 3 ከመንዳቱና ከፍሬኑ የመጣ ሙቀት ነው። ስለዚህ 40 ፍጹም ጤነኛ ቁጥር ነው።

ለማስታወስ፦ ጎማው በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጠዋት 50 የነበረ የተሳቢ ጎማ ከሰዓት 58 ቢል አይደንግጡ። ጎማ የሚሠሩት ሰዎች ይህን ጭማሪ አስበው ነው የሚሠሩት። የሞቀን ጎማ ማስተንፈስ የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነፋሱ ሲያንስ ላስቲኩ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይሞቃል። ልጁ ሊረዳዎት አስቦ የባሰ አሙቆልዎታል። ሲቀዘቅዝ ሐረር ላይ የለሰለሰውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ 46 ቢል፣ ሌሎቹ 40 ቢሆኑ፣ ያ ጎማ ነፋስ በዝቶበት ሳይሆን ሞቆ ነው። መልሱን ከላይ ለከዚራው ልጅ ከጻፍኩት ያገኙታል።

ጥያቄ

በፒክአፕ አንድ አክስል ያላት ተሳቢ እየጎተትኩ ውሃ ወደ ገጠር አመላልሳለሁ። ሁለት ቦታ የወንዝ አሸዋ ውስጥ አቋርጣለሁ፣ ክረምት ላይ ውሃ አለው። የግራው ጎማ መሐል ብረት በየጥቂት ወሩ ይግላል፣ ኩሽኔታ እቀይራለሁ፣ ይመለሳል። ዕቃው ፎርጅድ ነው ወይ? (ከመልካ ጀብዱ)

መልስ

ፎርጅድም ይኖራል፣ ግን ያንተ ነገር ሌላ ይመስለኛል። 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ሄደህ የመሐል ብረቱ ሞቋል። በዚያ ሙቀት ቀጥታ ውሃ ውስጥ ትገባለህ። ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባልና ከኩሽኔታው ኋላ ባለው የላስቲክ ማኅተም በኩል ውሃና ደቃቅ አሸዋ ስቦ ያስገባል። ግሪሱን ስትከፍተው ወተት የገባበት ቡና ዓይነት ቀለም ካለው ውሃ ገብቶበታል። በጣትህ ስታሸው ከኮረኮረህ አሸዋ አለበት።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ቁም፣ ጥቂት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ግባ። ኩሽኔታ በቀየርክ ቁጥር የኋላውን ማኅተም አብረህ ቀይር። አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌ ማኅተም ጋር መግጠም ገንዘብ መበተን ነው። ማኅተሙ የሚቀመጥበት የአክስሉ አንገት ላይ በጥፍርህ የሚሰማህ ጭረት ካለ አዲሱም ማኅተም አይዘጋም። ግራው ብቻ የሚበላሸው በዚህ ይመስለኛል፣ መጀመሪያ እሱን እይ።

ሲገጠም አጠገቡ ቁም። ግሪሱ ላዩ ላይ ተቀብቶ መቅረት የለበትም። መዳፍ ላይ ግሪስ ተደርጎ የኩሽኔታው ሰፊ አፍ በላዩ እየተገፋ፣ ግሪሱ በሌላው ጫፍ በሮለሮቹ መሐል ብቅ እስኪል ድረስ ይሞላል። ከዚያ ዳዶው ጎማው እየዞረ ይጠበቃል፣ ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ። ቀጥሎ ይላላል። በመጨረሻ በቁልፍ ሳይሆን በጣት ብቻ ይጠበቅና ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘው ሽቦ) ይገባል። ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ማላላት እንጂ ወደ ማጥበቅ አይኬድም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው በጭንቅ የምትሰማ ነገር ብትኖር ጥሩ ነው። ብዙ ልጆች «እንዳይላላ» ብለው በቁልፍ አጥብቀው ይጨርሱታል። ያ ኩሽኔታ ሚኤሶም አይደርስ። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፣ ሳንቲም ነው ዋጋው።

ጎማው ወልቆ ስለገባ ደግሞ የቡሎኖቹን ዳዶ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው።

ጥያቄ

ጎማ ቫልቭ ላይ የሚገጠም፣ ነፋስና ሙቀት ሹፌሩ ጋ ባለች ስክሪን የሚያሳይ ነገር አለ። ተሳቢዬ ላይ ልግጠም? ሽጉጧስ ትቀራለች? (ከድሬ፣ ለገሃሬ)

መልስ

ግጠም። ከሁሉ በላይ ነፋስ እየወጣ ሲሄድ እየነዳህ ያሳውቅሃል። ያንን ሽጉጧ አትሠራውም። ሁለት ነገር ግን እወቅ። ቫልቭ ላይ ያለው የሚያነበው እዚያ ጫፍ ያለውን ሙቀት ነው። ነፋስ እየመታው ስለሚሄድ ከላስቲኩ ትክክለኛ ሙቀት በጣም ያነሰ ያሳያል። ስለዚህ የሙቀቱን ቁጥር ከሽጉጧ ቁጥር ጋር አታወዳድረው። የአንዱን ጎማ ከሌሎቹ ጎማዎች ጋር አወዳድር። ሁለተኛው፣ ኩሽኔታ ሲግል አይነግርህም። ቢነግርህም ጎማው ከሞቀ በኋላ፣ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሽጉጧ አትቀርም፣ ስትቆም መዞሩም አይቀርም።

ተሳቢህ ረጅም ከሆነ ምልክቱ እስከ ጋቢና ላይደርስ ይችላል፣ መሐል ላይ የሚቀባበል ማጠናከሪያ አብሮ የሚሸጠውን ግዛ። የቫልቩ አንገት የላስቲክ ከሆነ በዕቃው ክብደት ሊሰነጠቅ ስለሚችል በብረት አስለውጥ። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ጠዋት ከሞላኸው ልክ 10 ወይም 15 በመቶ ሲወርድ እንዲጮህ አድርገህ አስተካክል። ፋብሪካው ያስቀመጠልህን ዝም ብለህ አትተወው።

ጥያቄ ስትልኩልኝ የጎማውን ልክ፣ የጠዋቱን ነፋስና የፋብሪካውን ቀን ጨምሩልኝ። ቀኑ ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያለው አራት አሃዝ ነው፣ 2319 ከሆነ የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ነው የሚያረጀው፣ ድሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዋለ ደግሞ ይብሳል። እኔ ስድስት ዓመት ያለፈውን ለተሳቢ አልገጥምም፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም።